በአንድ ጣሪያ ላይ ፀሐይና ነፋስ፦ የጥምር ኃይል ማመንጫ ዕቃ የሁለት ዓመት ግምገማ

ከሁለት ዓመት በፊት «ጥምር የፀሐይና የነፋስ ኃይል ማመንጫ» በሚል ስም በአንድ ጥቅል የሚሸጥ ዕቃ ገዝቼ በመኖሪያ ቤቴ ጣሪያ ላይ አስተከልሁ። ጥቅሉ እያንዳንዳቸው 550 ዋት የተጻፈባቸውን አራት የሶላር ፓኔሎች፣ ባለ 5 ኪሎዋት ኢንቨርተር (የፓኔሎቹንና የባትሪውን ኤሌክትሪክ ቤት ወደሚጠቀምበት ዓይነት የሚለውጥ መሣሪያ)፣ 5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ የሚይዝ የሊትየም ባትሪ፣ እንዲሁም 400 ዋት ያመነጫል የተባለ አነስተኛ የነፋስ ተርባይን ከነምሰሶውና ከነመቆጣጠሪያው የያዘ ነው። በካርቶኑ ላይ «ቀን በፀሐይ፣ ሌሊት በነፋስ» የሚል ጽሑፍ በጉልህ ሰፍሯል። እውነቱን ለመናገር ገንዘቤን ያስወጣኝ ይህ ጽሑፍ ነው። መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2023 ዱባይ ላይ በተካሄደው 28ኛው የአየር ንብረት ጉባኤ የዓለምን የታዳሽ ኃይል አቅም እስከ 2030 በሦስት እጥፍ ለማሳደግ ሲስማሙ ተስፋቸውን በአብዛኛው የጣሉት በእነዚሁ በፀሐይና በነፋስ ላይ ስለሆነ፣ በትልቁ የሚሠራ ነገር በትንሹ የማይሠራበት ምክንያት አልታየኝም ነበር። አሁን የደረስሁበት ፍርድ ግን ከዚያ የተለየ ነው፤ የፀሐይ ኃይል ቢያንስም ቢበዛም ጠባዩ አንድ ሲሆን፣ የነፋስ ኃይል ግን ትልቅ ካልሆነ ኃይልነቱ ቀርቶ ነፋስነቱ ብቻ ይተርፋል።

ከፓኔሎቹ ልጀምር። በሁለት ዓመት ውስጥ ያደረግሁላቸው ነገር ቢኖር በየሦስት ሳምንቱ ማለዳ፣ መስታወታቸው ሳይሞቅ፣ በለስላሳ ጨርቅና በውኃ አቧራቸውን መጥረግ ብቻ ነው። የሚንቀሳቀስ አካል የላቸውም፣ ድምፅ አያሰሙም፣ ዘይት አይጠይቁም። ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን አራቱ በድምሩ ስምንት ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሰጡኛል፤ ደመና በጠነከረበት ቀን ደግሞ ወደ ሁለት ሊወርዱ ይችላሉ። ይህን መዋዠቅ እንደ ጉድለት የሚቆጥሩ ገዢዎች አሉ፤ እኔ ግን ሰማዩን ቀና ብሎ በማየት ብቻ አስቀድሞ ሊገመት የሚችልን ነገር ጉድለት ልለው አልደፍርም።

ብዙዎችን የሚያስከፋው ሌላ ነገር አለ። አራት ፓኔል በ550 ሲባዛ 2,200 ዋት ይመጣል፤ በኢንቨርተሩ ስክሪን ላይ ግን በቀትር የማየው ቁጥር ከ1,800 ብዙም አያልፍም። ሻጩ አላታለለኝም። በፓኔሉ ጀርባ የተለጠፈው ቁጥር የሚለካው በቤተ ሙከራ ውስጥ ሲሆን፣ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1,000 ዋት ብርሃን እያረፈና የሴሉ፣ ማለትም ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው የፓኔሉ ክፍል፣ ሙቀት 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ሆኖ ሳለ ነው። በቀትር ጣሪያ ላይ የተሰጣ ፓኔል ሙቀቱ 60 ዲግሪ መድረሱ የተለመደ ነው፤ ከ25 በላይ ለሚጨመረው ለእያንዳንዱ ዲግሪ ደግሞ የእኔን ዓይነቱ ፓኔል 0.35 በመቶ ያህል አቅሙን ስለሚያጣ፣ በሙቀት ብቻ 12 በመቶ ገደማ ይሄዳል። ፓኔል የሚወደው ብርሃንን እንጂ ሙቀትን አይደለም። ይህን በዓይኔ ያየሁት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከባድ ዝናብ ጥሎ እንዳባራ ነበር፤ ደመናው በአንድ በኩል ተቀድዶ ፀሐይ ብልጭ ስትል የስክሪኑ ቁጥር 2,300 ገባ። መሣሪያው የተበላሸ መስሎኝ ነበር። በኋላ እንደተረዳሁት በዝናቡ በቀዘቀዙት ፓኔሎች ላይ ቀጥተኛው ጨረርና ከደመናው ጠርዝ የሚፈነጥቀው ብርሃን አንድ ላይ ሲያርፉ ለጥቂት ደቂቃዎች ከተጻፈላቸው ቁጥር በላይ መስጠታቸው የታወቀ ነገር ነው።

እንዲህ ያለ ዕቃ ለተራ ሰው ጣሪያ የበቃበት መንገድ ለግምገማው ስለሚጠቅም ላንሳው። እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካ የቤል ቤተ ሙከራ ይፋ የሆነው የሲሊከን ሴል ካረፈበት ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው 6 በመቶ ያህሉን ብቻ ነበር፤ ዋጋውም የሚቀመስ ስላልነበር በመጀመሪያ ዋና ደንበኞቹ የሆኑት እ.ኤ.አ. በ1958 እንደመጠቀችው እንደ ቫንጋርድ 1 ያሉ ሳተላይቶች ነበሩ። ዛሬ በየገበያው የሚገኘው ፓኔል ከ20 በመቶ በላይ ይለውጣል። ዋጋውን የሰበረው ግን የብቃቱ መጨመር ብቻ አይደለም፤ ዋናው የምርቱ ብዛት ነው። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣችው ሕግ ከፀሐይና ከነፋስ ለሚመነጭ ኤሌክትሪክ ቋሚ ክፍያ ለሃያ ዓመት ዋስትና ስትሰጥ ገዢ ተፈጠረ፤ የቻይና ፋብሪካዎች ደግሞ ያንን ገዢ ተከትለው ምርቱን አጥለቀለቁት፤ እስካሁን የተመረተው ጠቅላላ መጠን በእጥፍ ባደገ ቁጥር ዋጋው 20 በመቶ ያህል ሲቀንስ ኖረ። ውጤቱም በዓለም ላይ የተተከለው የሶላር አቅም የመጀመሪያውን አንድ ቴራዋት (አንድ ሚሊዮን ሜጋዋት) ለመሙላት ከዚያ ከ1954 ጀምሮ እስከ 2022 ሲፈጅበት፣ ሁለተኛውን ለመጨመር ሁለት ዓመት ገደማ ብቻ ማስፈለጉ ነው። በህንድ ራጃስታን በረሃ ላይ 2,245 ሜጋዋት የሚያመነጨው የባድላ ሶላር ፓርክ ቢፈታታ፣ የሚገኘው ከእኔ ጣሪያ ካለው ጋር በአሠራሩ አንድ የሆነ ባለ መስታወት ሰሌዳ ነው፤ ልዩነቱ የቁጥር ነው። እኔ ከትልቁ መስፋፋት ፍርፋሪ አልደረሰኝም፤ የደረሰኝ ያው ዕቃ ራሱ ነው።

በተርባይኑ ላይ ይህ ሁሉ ይገለበጣል።

ዕቃው ሲታይ ያምራል። ሦስት ነጫጭ ክንፎች አሉት፤ ዳር እስከ ዳር ሲለካ 1.2 ሜትር ይሆናል፤ የዓሣ የሚመስል ጅራቱ ፊቱን ወደ ነፋሱ ያዞረዋል። አራት ሜትር ርዝመት ባለው የብረት ምሰሶ ላይ ሆኖ በጣሪያው የምሥራቅ ጠርዝ ተተከለ። በመጀመሪያው ምሽት ለስ ያለ ነፋስ ነፍሶ ክንፎቹ ሲዞሩ ሳይ ደስ ደስ አለኝ፤ ወርጄ ስክሪኑን ስመለከት ግን የተጻፈው 9 ዋት ነበር። አንድ አነስተኛ አምፖል ማለት ነው። ነፋሱ ገና ነው ብዬ ተኛሁ።

በማግስቱ የመመሪያውን ወረቀት ዘርግቼ አነበብሁ። «400 ዋት» ከሚለው ሥር፣ ዓይን በሚያስጨንቅ ፊደል፣ «በ12 ሜትር በሰከንድ» ይላል። እንግዲህ በሰከንድ 12 ሜትር የሚጓዝ ነፋስ ትልልቅ ቅርንጫፎችን የሚያወዛውዝና ዣንጥላ መያዝ የሚያስቸግር ነፋስ ነው፤ በቤቶች መካከል እንዲህ ያለ ነፋስ ዘወትር ቢነፍስ ኖሮ ሰው ቤት ቀይሮ ይሄድ ነበር። ከዚህ የከፋው ደግሞ ስሌቱ ነው። በነፋስ ውስጥ ያለው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይወጣም አይወርድም፤ ፍጥነቱ በራሱ ሦስት ጊዜ ሲባዛ በሚገኘው ልክ ነው የሚለዋወጠው። ነፋሱ ከ12 ወደ 4 ሜትር ሲወርድ፣ ማለትም አንድ ሦስተኛ ሲሆን፣ ኃይሉ አንድ ሃያ ሰባተኛ ይሆናል፤ 400 ዋቱ ወደ 15 ዋት ይወርዳል ማለት ነው። የእኔ 9 ዋት እንግዲህ የመሣሪያ ብልሽት አልነበረም፤ ዕቃው በተፈጥሮ ሕግ መሠረት በትክክል እየሠራ ነበር። አንድ ሙሉ ወር በጥንቃቄ መዝግቤ ያገኘሁት ድምር አራት ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ፓኔሎቹ ይህን በግማሽ ቀን ይሰጣሉ።

ድምፁም ሳይነሳ አይታለፍ። ከውጭ ሲሰሙት ቀላል ፉጨት ነው፤ በነፋሻ ሌሊት ግን ንዝረቱ በምሰሶው ወርዶ በግድግዳው ውስጥ ስለሚያልፍ፣ መኝታ ክፍል ውስጥ የሩቅ ወፍጮ የሚፈጭ ይመስላል። ከምሰሶው ሥር ወፍራም ጎማ አስገብቼ ቀነስሁት እንጂ አላጠፋሁትም። ባለሙያዎች እንደሚሉት ጣሪያ ለተርባይን ከሁሉ የከፋ ቦታ ነው፤ ነፋሱ ከግድግዳና ከጣሪያ ጠርዝ ጋር ተላትሞ ስለሚተረማመስ፣ ጅራቱ ክንፎቹን አሁን ወዲህ አሁን ወዲያ ሲያዞር ይውላል። ይህ ተርባይን ሲዞር የሚውለው ኃይል ለማመንጨት ሳይሆን ነፋሱን ለመፈለግ ነው ማለት ይቻላል።

ይህን ሁሉ ካየሁ በኋላ የነፋስ ኃይልን አላማሁም፤ ይልቁንም ሥራውን የሚያውቁት ሰዎች ለምን ወደ ትልቅነት እንደገፉት ገባኝ። ከሚመታው ነፋስ ኃይል ውስጥ ማንኛውም ተርባይን ከ59.3 በመቶ በላይ ሊወስድ እንደማይችል ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ አልበርት ቤትዝ ከመቶ ዓመት በፊት አስልቶታል፤ ስለዚህ በክንፉ ብልሃት የሚገኘው ትርፍ ውሱን ነው። የቀረው መንገድ ሁለት ብቻ ነው፤ ክንፉን ማርዘምና ነፋሱ ወደሚፈጥንበት ከፍታና ባሕር መሄድ። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ1991 ቪንደቢ ላይ በዓለም የመጀመሪያውን የባሕር ላይ የነፋስ ማመንጫ ስትከፍት 11 ተርባይኖች ነበሩት፤ የእያንዳንዳቸው አቅም 450 ኪሎዋት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 በእንግሊዝ የባሕር ጠረፍ ሥራ የጀመረው ሆርንሲ 2 ባለ 8 ሜጋዋት 165 ተርባይኖች ያሉት ሲሆን ከ1.3 ጊጋዋት በላይ ያመነጫል። የዴንማርኩ ቬስታስ ኩባንያ 15 ሜጋዋት ያለው ተርባይን ደግሞ ክንፎቹ ዳር እስከ ዳር 236 ሜትር ይሆናሉ፤ ሲዞሩ የሚጠርጉት ስፋት ከ43,000 ካሬ ሜትር ይበልጣል። የእኔው የሚጠርገው አንድ ካሬ ሜትር ከጥቂት ነው። እነዚህን ሁለት ዕቃዎች በአንድ ስም «የነፋስ ተርባይን» ብሎ መጥራት የወረቀት ጀልባንና የጭነት መርከብን ሁለቱም ይንሳፈፋሉ ብሎ አንድ እንደማድረግ ነው። ካርቶኑ ላይ ያለው ጽሑፍ የሚነግደውም በዚሁ የስም መመሳሰል ነው።

ወደ ባትሪው ስመጣ ቅሬታዬ ይለዝባል። ዓይነቱ ሊትየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ሲሆን፣ ከሌሎቹ የሊትየም ዓይነቶች ይልቅ ለእሳት የማይቸኩልና ብዙ ጊዜ ተሞልቶ ቢራገፍ የሚታገሥ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ አቅሙ ቀነሰ ብዬ የማስተውለው ነገር የለም። የከነከነኝ ሌላ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ባትሪው ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሳይደርስ ይሞላል። ከዚያ በኋላ ፀሐይ በሙሉ ኃይሏ ሳለች ፓኔሎቹ የሚሰጡትን የሚቀበል ያጣሉ፤ ኢንቨርተሩም ቤቱ ለሚጠቀምበት ያህል ብቻ ያስወጣቸዋል። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ደግሞ ያው ባትሪ እንዳያልቅ መብራት እያጠፋሁ እዞራለሁ። በቀን ሞልቶ የፈሰሰውን ማታ መፈለግ የዚህ ዕቃ የዘወትር ኑሮ ነው። ለዚህ ያገኘሁት መፍትሔ ልብስ ማጠብን፣ መተኮስን፣ የውኃ ፓምፑንና የውኃ ማሞቂያውን በሙሉ ወደ ቀትር ማዛወር ነበር፤ ወጪ የለውም፣ ብዙ ይጠቅማል።

ይህ ችግር የእኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ የዕቃው ጉድለት እለው ነበር። ነገር ግን ፀሐይና ነፋስ በብዛት የገቡባቸው ትልልቅ የኃይል ቋቶችም (ማመንጫዎችንና ተጠቃሚዎችን የሚያገናኙት የመስመር መረቦች) የሚታመሙት ይህንኑ በሽታ ነው። የካሊፎርኒያ የኃይል ቋት አስተዳዳሪ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ ያደረገው ግራፍ፣ የሶላር ምርት በቀትር ፍላጎቱን ወደ ታች ሲያጎደጉደውና ፀሐይ ስትጠልቅ ፍላጎቱ አንገቱን ሽቅብ ሲያወጣ ስለሚያሳይ፣ በቅርጹ «የዳክዬ ኩርባ» የሚል ስም ወጥቶለታል። የእኔም የኢንቨርተር ስክሪን በየቀኑ የምትሥለው ያቺኑ ዳክዬ ነው። የመስመር እጥረቱም እንዲሁ ነው፤ ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት ቢያንስ 3,000 ጊጋዋት የሚሆኑ የታዳሽ ኃይል ፕሮጀክቶች ከቋቱ ጋር ለመገናኘት ወረፋ ይጠብቁ እንደነበርና እስከ 2040 ድረስ 80 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር መስመር መጨመር ወይም መተካት እንደሚያስፈልግ ገልጿል። ነፋስና ፀሐይ እ.ኤ.አ. በ2024 ከዓለም ኤሌክትሪክ 15 በመቶ ያህሉን በአንድነት አመንጭተዋል፤ ከዚህ በላይ የሚሄዱበትን ፍጥነት የሚወስነው የፓኔሉና የክንፉ አቅርቦት ሳይሆን ሽቦው፣ ትራንስፎርመሩና ማከማቻው ሆኗል። አንድ ልዩነት ግን አለ። ትልቁ ቋት በአንድ ቦታ ነፋሱ ሲያርፍ በሌላው የሚነፍሰውን፣ በአንዱ ሲመሽ በሌላው ያልመሸውን አዛንቆ መጠቀም ይችላል፤ «ቀን በፀሐይ፣ ሌሊት በነፋስ» የሚለው አባባል እዚያ እውነትነት አለው። በአንድ ጣሪያ ላይ ግን ፀሐይዋም አንድ፣ ነፋሱም አንድ ነው።

ኢንቨርተሩን በሚመለከት ሁለት ነገር እላለሁ። የሚያወጣው ኤሌክትሪክ ንጹሕ ነው፤ ማቀዝቀዣውም ፓምፑም ያለ ቅሬታ ይሠሩበታል። ነገር ግን ምንም ሥራ ሳይሰጠው፣ በርቶ በመቀመጡ ብቻ፣ 50 ዋት ያህል ይበላል። በአንድ ቀንና ሌሊት 1.2 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል፤ የባትሪውን አንድ አራተኛ ለመሙላት ጥቂት የቀረው። ተርባይኑ በወር የሰጠኝን ኢንቨርተሩ ቁጭ ብሎ በአራት ቀን አይጨርሰውም ትላላችሁ? ይጨርሰዋል። ይህ ቁጥር ከካርቶኑ ላይ የለም፤ በመመሪያው መጨረሻ ገጾች ካለ ሠንጠረዥ ውስጥ ነው የሚገኘው፤ ገዢ የሆነ ሁሉ ሳይከፍል በፊት ይህንን ሠንጠረዥ ይጠይቅ።

ከዕቃው ሁሉ ያስፈራኝ ግን በጥቅሉ ውስጥ የሌለው ነገር፣ ማለትም የተከላው ሥራ ነው። ሻጩ የላካቸው ሠራተኞች ጨርሰው በሄዱ በአምስተኛው ወር፣ ከመቆጣጠሪያ ሳጥኑ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ መጣ። ከፍቼ ሳይ ከፓኔሎቹ በሚመጣው መስመር ላይ የተገጠመው ብሬከር አንድ ጎኑ ጠቁሮ ቀልጧል። በኋላ ያስጠራሁት ሌላ ባለሙያ ገና ሲያዩት አወቁት፤ የተገጠመው ለቤት ውስጥ መስመር፣ ለኤሲ (አቅጣጫውን እየቀያየረ ለሚፈስ ኤሌክትሪክ) የሚሆን ብሬከር ነበር። የኤሲ ኤሌክትሪክ በሰከንድ መቶ ጊዜ ያህል ዜሮ ላይ ስለሚያልፍ ብሬከሩ ሲቋረጥ የሚነሣው ብልጭታ በራሱ ይጠፋል፤ ከፓኔል የሚመጣው ዲሲ ግን በአንድ አቅጣጫ ያለማቋረጥ ስለሚፈስ ብልጭታው አይጠፋም፣ ይነድዳል። ባለሙያው ለዲሲ የተሠራ ብሬከር ቀየሩልኝ፣ የጎደለውን የምድር ሽቦም ዘረጉልኝ፤ ሥራው ከአንድ ሰዓት አልበለጠም። ሻጩ ዘንድ ሦስት ጊዜ ደውዬ ያገኘሁት መልስ ዋስትናው ዕቃውን እንጂ ተከላውን አይመለከትም የሚል ነበር። ለሃያ አምስት ዓመት ዋስትና የተሰጠው ፓኔል በአንዲት የተሳሳተች ብሬከር ቤት ሊያቃጥል እንደሚችል ካየሁ ወዲህ፣ ዕቃ ሊገዛ የሚያማክረኝን ሰው አስቀድሜ የምጠይቀው ስለ ፓኔሉ ስም ሳይሆን ስለሚተክልለት ሰው ሆኗል።

እንግዲህ ጥቅሉን እንዳለ ግዙ አልልም። ፓኔሎቹን፣ ባትሪውንና ኢንቨርተሩን ለየብቻ የሚሸጥ ካገኛችሁ ያለ ማመንታት ውሰዱ፤ ለተርባይኑ የሚከፈለውን ገንዘብ በተጨማሪ ባትሪ ላይ ማዋሉ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ መብራት እያጠፉ ከመዞር ያድናል። ተርባይኑ ሊያዋጣ የሚችለው ከቤትና ከዛፍ በራቀ ገላጣ ኮረብታ ላይ፣ ረጅም ምሰሶ ተተክሎለት፣ ለረጅም ወራት ደመና በማይገለጥበት ስፍራ ለሚኖር ሰው ነው፤ እርሱም ቢሆን ነፋሱን አንድ ዓመት ሳይለካ ባይገዛ ይሻለዋል።

እኔ ተርባይኑን ባለፈው ወር አወረድሁት። ምሰሶውም አብሮ ወረደ። ጠዋት ጠዋት የምሰሶው ጥላ ለሁለት ሰዓት ያህል በአንደኛው ፓኔል ላይ ያርፍ እንደነበር አውቅ ነበር፤ ቀጭን መስመር ስለሆነ ግን ከቁም ነገር አልቆጠርሁትም። ሴሎቹ በተከታታይ የተያያዙ በመሆናቸው የአንድ ዓምድ ጥላ የፓኔሉን አንድ ሦስተኛ ከሥራ ውጭ ሊያደርግ ይችላል። ከወረደ ወዲህ ተመሳሳይ ሰማይ ያላቸውን ቀናት እያነጻጸርሁ ስመዘግብ፣ የጠዋቱ ምርት በቀን 0.2 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ጨምሯል። በወር ሲሰላ ስድስት ይሆናል፤ ተርባይኑ ቆሞ ሳለ ይሰጠኝ የነበረው አራት ነበር።